በቀኝ ብቻ የሚዞር ሜዳ

በዚያን ዘመን ሆሳዕና ውስጥ ቃሲምን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም ነበር፤ ጆሮ ይበቃል። እሁድ ከሰዓት ከከተማው በታች ካለው ሜዳ የሞተር ብስክሌቶች ጩኸት ሲነሣ መንገደኛው «ያ እብድ ጀመረ» ይላል፤ ዶሮዎች አጥር ሥር ይገባሉ፤ ከማዶ ደግሞ አጎቱ ከድር ፈረሳቸውን ጭነው ይወጣሉ። ሜዳው ዳር ይቆሙና እስኪመሽ ይሳደባሉ።

ስድባቸው ተደጋግሞ የሚሰለች አልነበረም።

«ያ በብረት አህያ ላይ የተጫነው የዱባ ጆንያ የማን ልጅ ነው? እናቱ ብታየው ስሙን ትለውጥበት ነበር!»

ቃሲም አንገቱን አያዞርም። ጥርሱን ነክሶ ለሚያሠለጥናቸው ነጂዎች እጁን ያወናጭፋል።

እኚህ ሰው የእናቱ ወንድም ናቸው። አባቱ የሞተው እሱ ጡት ሳይጥል ስለነበር ያሳደጉት እሳቸውና ሚስታቸው እትዬ ሰፊያ ናቸው። ፈረስም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ገና በስድስት ዓመቱ ያለ ኮርቻ ያስቀምጡትና በጉልበቱና በፈረሱ ጎን መካከል ቅጠል አስገብተው «ይህች ቅጠል ከወደቀች ዛሬ እራት የለም» ይሉት ነበር። ብዙ ቀን ጦሙን ባደረ ነበር፤ እትዬ ሰፊያ በጓሮ በኩል ቆጮ እያቀበለችው ነው እንጂ።

በአሥራ ስምንት ዓመቱ ግን ፈረሱን ትቶ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት በመንገድ ኖረ። መካኒክነት ተማረ፤ አላባ ላይ ዘይነባን አገባ፤ አዲስ አበባ አንድ እሁድ ጭቃ ላይ የሚሽቀዳደሙ ሞተሮች አየና ልቡ እዚያው ቀረ። በ1957 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ ያመጣው ሀብት የመንገድ ቀያሾች ጥለዋቸው የሄዱት ሁለት የተሰባበሩ ሞተሮች ነበሩ። አንዱን ከሌላው እያዋሰ ሁለቱንም አስነሣቸው።

ጠቡ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ቃሲም ፎንቆ ላይ ወፍጮ ሲጠግን የእትዬ ሰፊያ መርዶ ደረሰው። ሞተሩን አስነሥቶ እንባው ከአቧራ ጋር እየተላቆጠ በቀጥታ ወደ ልቅሶው ሜዳ ገባ። ሜዳው ላይ ሰባ የሚሆኑ ፈረሰኞች ለሟቿ ይጋልቡ ነበር። ፈረሶቹ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምተው አያውቁም። በረገጉ፤ ሰው ላይ ወጡ። አጎቱ ከድር፣ ከሽማግሌ ፈረሰኛ ሁሉ ስማቸው የሚጠራው ሰው፣ ሚስታቸው በሞተችበት ቀን ወገን ሁሉ እያየ ከፈረስ ወደቁ።

ተነሥተው አቧራውን ሳያራግፉ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ከዛሬ ጀምሮ የእህት ልጅ የለኝም። ዶቅዶቄ ነው ያለኝ።»

ቃሲም በዓመቱ መለማመጃ ሲያበጅ እዚያው ልቅሶው ሜዳ ላይ ማበጀቱን ሰው ሁሉ ታዘበ። እሱ «ሌላ ያልታረሰ ሜዳ የት አለ?» ይላል። ዘይነባ ግን «እልህ ነው» ትላለች፤ ፊት ለፊቱም ትለዋለች። የአካባቢው ባላባት ልቅሶ ባለ ቀን ሜዳውን ሊለቅ አስምሎት ፈቀደለት። ቃሲም በዶማና በአካፋ አፈር ቆልሎ ሞተር የሚዘልባቸው ጉብታዎች ሠራ። ሜዳው ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል ጎርፍ እንዳያበላሽበት መታጠፊያዎቹን ሁሉ ወደ ቀኝ የሚዞሩ አደረጋቸው።

ስድስት ነጂ አወጣ። የበረታው የአቶ ወልደኪዳን ሱቅ ሻጭ ሳህሉ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ። ዘይነባ ከአሮጌ ቆዳ ሰፍታ ቃጫ ጠቅጥቃ የጉልበት መከላከያ ሠራችላቸው። ቃሲም ደግሞ በነጂው ጉልበትና በሞተሩ ነዳጅ ጋን መካከል የኮባ ቅጠል ያስገባል። ቅጠሉን የጣለ የዚያን ቀን ሞተር አይነካም። ይህን ከየት እንዳመጣው ለማንም አልተናገረም። በ1960 የፋሲካ ማግስት የዱራሜ ነጂዎች ሊገጥሟቸው ቀጠሮ ተያዘ። ቃሲም ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ ተወ።

በየካቲት መጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ቃሲም በመሐላው መሠረት ሞተሮቹን አነሣ፤ ጉብታዎቹ ግን አይነሡ። ሲጋለብ አንድ ፈረስ ጉብታ ላይ ተሰናክሎ እግሩ ተሰበረ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ሜዳው ውስጥ ካለው ትልቅ ዋንዛ ሥር ተቀመጡ። አጎቱ ከድር ቆመው ተናገሩ።

«ፈረስ ሰው ሲሞት አብሮ ያዝናል። የዚህ ሰውዬ ብረት ምን ያደርጋል? ጭስ ይተፋል። በሬሳችን ላይ ጭስ ይትፋ ካላችሁ ንገሩኝና አገር ልቀይር።»

«እርስዎ ሬሳ የሚጠብቁ ነው የሚመስለው» አለ ቃሲም። «በዓመት አራት ቀን የሚለቀስበት ሜዳ ሌላውን ቀን ሁሉ ጾሙን ይደር?»

«ዝም በል! ለአሳዳጊህ ልቅሶ በዶቅዶቄ የመጣህ!»

«ለመድረስ ነው የመጣሁት! በእግሬ ብመጣ ማታ ነበር የምደርሰው!»

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። አጎቱ ከድር እጃቸውን አነሡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቃሲም ያን ጊዜ መፍራት ነበረበት።

«ነገር አናብዛ። ሜዳው ለሚዞርበት ይሁን። እኔ በፈረሴ፣ እሱ ከልጆቹ የፈለገውን ያውጣ። ከሜዳው ጫፍ ተነሥተን ይህን ዋንዛ በግራችን አድርገን ዞረን እንመለስ፣ ሦስት ጊዜ፤ ለልቅሶ እንደምንዞረው። ከተሸነፍኩ ሁለተኛ ሜዳው ዳር አልቆምም። ካሸነፍኩ ጉብታውን በገዛ እጁ ይናደው።»

ቃሲም ሳቀ። የስድሳ ሁለት ዓመት ሽማግሌ በፈረስ ከሞተር ጋር! «ከፈለጉ አምስት ጊዜ ይዙሩ» አለ። ለቅዳሜ ተቀጠረ።

ማታ እራት ቀርቦ ዘይነባ ልጇን እያጎረሰች የውርርዱን ነገር ሲያወራ ሰማችው። ሲጨርስ ጠየቀችው።

«ሳህሉ በግራ ሲታጠፍ አይተህ ታውቃለህ?»

ቃሲም የጎረሰውን ማላመጥ አቆመ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ነጂዎቹ በቀኝ እንጂ በግራ ታጥፈው አያውቁም። ይህን እሱ አላየውም፤ ነጂዎቹም አላዩትም። እሁድ እሁድ ሜዳው ዳር ቆመው የሚሳደቡት ሰውዬ ግን አይተውታል።

በቀሩት ሦስት ቀኖች ሳህሉን ከጠዋት እስከ ማታ በግራ አዞረው። የመጀመሪያውን ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ወደቀ። ሁለተኛውን ቀን ሰባት። «ጋሽ ቃሲም፣ ግራ ጎኔ የኔ አይመስለኝም፤ ከሰው የተዋስኩት ነው» አለ እያነከሰ። ሁለት ዓመት የለመደ አካል በሦስት ቀን ልቡን አይሰጥም።

ቅዳሜ አገር ሁሉ ወጣ። ካፊያ ስለነበረ ሣሩ ረጥቧል። አቶ ወልደኪዳን ነጠላቸውን አውለበለቡና ተለቀቁ። ሞተሩ ቀጥታውን መንገድ ጠራርጎት ሄደ፤ ፈረሱ ከኋላ የሚጎተት መሰለ። ዋንዛው ጋ ሲደርሱ ግን ሳህሉ እየፈራ እየሰፋ እስከ ሜዳው አጥር ሄዶ ዞረ። አጎቱ ከድር ግንዱን ሊታከኩት ምንም ሳይቀራቸው ተጠቅልለው ወጡ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሳህሉ ቀጥታው ላይ የሚያተርፈውን ዋንዛው ይበላበታል።

በሦስተኛው ሳህሉ ቀድሞ ደረሰ። እንዳይሰፋበት ብሎ ወደ ግራ አጥብቆ አጋደለ። ኋላ ጎማው ሣሩ ላይ ከዳው። ሞተሩ እንደ ተገለበጠ ጢንዚዛ ጎማውን ወደ ሰማይ እያሽከረከረ ቀረ። ፈረሱ በአጠገቡ አለፈ። አጎቱ ከድር ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

ቃሲም በሕዝቡ መካከል ሮጦ ልጓማቸውን ያዘ። «ይህ ጀግንነት አይደለም! በማናውቀው ጎን ነው የወሰዱን!»

«ልጓሜን ልቀቅ።» ለቀቀ። «ይህን ፈረስ በሁለቱም ጎን ነው ያስተማርኩት። አንተንም በሁለቱም ጎን አስተምሬህ ነበር።»

ጉብታውን ለመናድ አምስት ቀን ፈጀበት። አጎቱ ፈረሳቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። «እዚያ ጋ እብጠት ቀርቷል» ይላሉ። እሱም በዶማው ይመታዋል። ከስድስቱ ነጂዎች ሦስቱ ተዉት፤ አንደኛው ሞተር ነክቶ እንደማያውቅ ነው አሁን የሚያወራው። ፋሲካ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ለዱራሜዎች ግን የሚያሳዩት ሜዳ የለም። ቃሲም «አትምጡ» ብሎ መልእክት ሊልክ ወሰነ።

«ቆይ» አለችው ዘይነባ። ቤት የምትለቀልቅበትን ቀይ አፈር ከመንገዱ በታች ጎርፍ ከበላው ቦረቦር ነበር የምታመጣው። «እዚያ ሰው አይቀበርበት፣ ከብት አይግጥበት። ፍየል እንኳ ይጠየፈዋል። ማን ይከለክልሃል?»

«እሱማ ገደል ነው።»

«አንተስ ጉብታ ፍለጋ አይደል ሜዳ ስትቆልል የኖርከው?»

ወርዶ አየው። ጎርፉ ከማንም ጋር ሳይመክር ዝላዩንም ጠመዝማዛውንም ሠርቶ አስቀምጦታል፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ድንጋዩን ብቻ ለቀሙ። ሳህሉ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ቆዳው እየተላጠ ግራ ጎኑን ከተዋሰበት ሰው ገዛው።

በፋሲካ ማግስት አራት የዱራሜ ነጂዎች መጡ። ሕዝቡ በቦረቦሩ አፍ ላይ ተደረደረ። ከማዶ በኩል፣ ከሁሉ ርቀው፣ አጎቱ ከድር ፈረሳቸውን ይዘው ቆሙ። ማንም አልጠራቸውም።

«ደግሞ ገደል ገባችሁ? መሬት ላይ መኖር አቃታችሁ?»

ሳህሉ በመጀመሪያው ዙር አራተኛ ነበር። ትልቁ የግራ መታጠፊያ ላይ ሰውነቱ ደርቆ ቀረ። ያን ጊዜ ከማዶ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ።

«አንተ የዱባ ጆንያ! ግራ ክርንህ ሞቷል! ክፈተው!»

ቃሲም እጁን ለአፉ መለከት አድርጎ ጮኸ። «ሳህሉ! ግራ ክርንህን ክፈት!»

በሚቀጥለው ዙር ከፈተው፤ አንዱን አለፈ። «አሁን ደግሞ ጉልበቱን እያት! እንደ በር ተከፍታለች!» አሉ ከማዶ። «ጉልበትህን ግጠም!» አለ ቃሲም። ሌላውንም አለፈ። ሳህሉ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛው የዱራሜ ልጅ ነበር፤ ጎበዝ ነበር፣ ይገባዋል።

የዱራሜዎቹ አለቃ አቧራውን እያራገፈ ወደ ማዶ አየ። «ያ ሽማግሌ ማነው?»

«ጠላቴ ነው» አለ ቃሲም።

«እኛ ዘንድ ዘመድም እንዲህ አያስተምርም።»

ቃሲም ወደ ማዶ ዞረ። ቀና ሲል አጎቱ ወደ ኮርቻው ወጥተው ነበር፤ ሰላምታ የለ፣ ምንም የለ፤ መሬቱ ላይ እንትፍ ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ቃሲም ዶማውን ይዞ ወረደ። ከሁሉ የሚከብደውን የግራ መታጠፊያ ከነበረበት አፍርሶ ከታች በኩል፣ አጎቱ ፈረሳቸውን በሚያቆሙበት ጫፍ ትክክል ሥር፣ እንደገና ይቆፍረው ጀመር። ዘይነባ ልጇን አዝላ ከላይ ሆና ጠየቀችው።

«ደህናውን ነገር ምን ብለህ ታፈርሰዋለህ?»

«የሚሰድበን ሰው በደንብ ይይ» አለና መቆፈሩን ቀጠለ።