ቅጹ ላይ ቦታ ያጣው ልብስ ሰፊ

«የጋብቻ ሕግ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ በሽታ የሐኪም» ይላሉ። ውሸት ነው። ሁለቱ ከጋምቤላ ማዶ ባለችው ጎረቤት አገር፣ ቶንፒንግ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ቅጽ ላይ ሲገናኙ አይቻለሁ፤ ቅጹን የምሞላውም እኔ ነበርኩ።

አገሪቱ ነፃ ከመውጣቷ በፊት እዚያ በአንድ ክሊኒክ አስተርጓሚ ነበርኩ። ጋምቤላ የስደተኞች ካምፕ ያደገ፣ የወንዝ ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርድ ወዳጄ ኤች አይ ቪ እንዳለበት የሰማው በእኔ አፍ ነው። መድኃኒት ለመጀመር፣ አወሳሰዱን የሚከታተል ደጋፊ ይዞ መቅረብ ግዴታ ነበር። ቅጹ የሚለው «ባል፣ ሚስት ወይም የሥጋ ዘመድ» ነው። ወዳጄ ደግሞ ጀበል ገበያ ከሚሠራ ልብስ ሰፊ ጋር ዓመታት አብሮ ኖሯል። ሁለት ወንዶችን የሚያጋባ ሕግ የለም፤ ስለዚህ ልብስ ሰፊው ደጋፊ አይሆንም፣ ለምርመራም የሚጠራው የለም። ግድግዳችን ላይ ግን «ከአጋርዎ ጋር ይመርመሩ» የሚል ፖስተር ተለጥፏል።

«የአጎቴ ልጅ ነው በለው» አለኝ ወዳጄ።

«አንተ የመብራት እንጨት፣ እሱ የክር ጥቅል። ማን ያምነናል?»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ጋሼ። በእናቱ ወጥቶ ነው።»

ይህን ውሸት መጻፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ብልህ ነኝና እውነቱን በክሊኒኩ ለምትሠራው አማካሪ ነገርኳት። የአገሬ ልጅ ናት፤ ምሳ አብረን ነው የምንበላው።

«እርስዎን ይንሳኝ፣ ከእኔ አይወጣም» አለች።

በሳምንቱ የወዳጄ አጎት መጣ፤ ካምፕ ውስጥ ያሳደገው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። የሥጋ ዘመድ ነው ብላ የጠራችው አማካሪዋ ናት። ልብስ ሰፊው ለምን መፈረም እንደማይችልም አስረድታዋለች። ሽማግሌው እስክሪብቶውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሳይፈርም ወጣ።

«ደንቡን ነው የተከተልኩት» አለችኝ። ከዚያ ለምሳ ጠበቀችኝ።

ወዳጄ ከቀጠሮው ቀረ። ወደብ ሄጄ ጆንያ ተሸክሞ አገኘሁት።

«በሽታዬን ከአፍህ ሰማሁ» አለኝ። «አጎቴም ምስጢሬን የሰማው ከአፍህ ነው። ከላስ፣ በቃ ጋሼ።»

ብዙም ሳይቆይ እሱና ልብስ ሰፊው በጭነት ጀልባ ወደ ሰሜን ሄዱ። አንደኛው መድኃኒት አልጀመረም፤ ሌላኛው አልተመረመረም። ከዚያ ወዲያ አማካሪዋን አላናገርኳትም። ወዳጄም እኔን እንዲሁ።

አንተ ይህን የምታነብ፣ እንዲህ ያለ ቅጽ ጠረጴዛህ ላይ ካለ ያንን መስመር ሰርዘው። በቦታው «የምታምነው ሰው» ብለህ ጻፍ፤ ምኑ እንደሆነም አትጠይቅ።