የግርጌው ገመድ

እህቴ ኤፊ ማረፏን የሰማሁት በግ እየሸለትኩ ሳለ ነው። ጎረቤታችን ዊና አጥሩን ተደግፋ፣ "ቶርኩል፣ መቀሱን አስቀምጠው" አለችኝ። አላስቀመጥኩትም። የያዝኳት በግ ግማሽ ጎኗ ተሸልቶ ነበርና ጨረስኳት። ዊና ቆማ ጠበቀችኝ። በጓን ስለቃት ኤፊ ያስቀመጠችውን ቃል ነገረችኝ፤ "የግርጌውን ገመድ ለኖርማን ስጠው ብላለች።"

መቀሱን የወረወርኩት ያኔ ነው።

በደሴታችን በሉዊስ ሬሳ ሣጥን ወደ ጉድጓድ የሚወርደው በገመድ ነው። የራስጌውን የቅርብ ዘመድ ይይዘዋል፤ የግርጌውን ከእሱ ቀጥሎ የሚከበር ሰው። ማን የትኛውን እንደያዘ መንደሩ አይረሳም። ኖርማን ዘመዳችን አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው።

ከዓመታት በፊት የኤፊ አንድያ ልጅ ካለም ቅዳሜ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሞተሩ ተበላሸበት። እሁድ ጠዋት፣ በእኛ ዘንድ ጀልባ በማይነካበት ሰንበት፣ ወደ ቤቱ ሲቀዝፍ ማዕበል ገለበጠው። ባሏ ቀድሞ ሞቶ ነበርና ብቻዋን ቀረች። ኖርማን ሊያጽናናት መጣና ወንበር ስቦ፣ "ጌታ ሰንበቱን አያስደፍርም። ለሁላችንም ትምህርት ነው" አላት። ሬሳው ገና በጓዳ ተጋድሞ ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ እጄን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ነበር።

ያን ክረምት ሙሉ እግዚአብሔር ላይ ስትጮህ ከመንገድ ይሰማ ነበር። ለምን ብላ ትጠይቀው ነበር፤ መልስ አላገኘችም። ከዚያ በኋላ ሰው የሞተበት ቤት እየሄደች ዝም ብላ ድንች መላጥ፣ ሰሃን ማጠብ ጀመረች። ጥቅስ አትጠቅስም። የኖርማን ሚስት አእምሮዋ ደክሞ ራሷን መጠበቅ ሲያቅታት፣ ሌላው ሰው የሸሸውን ቤት ኤፊ ገባችበት።

"ደግሞ ሚስቱን ልታጥቢለት ነው?" አልኳት። "በዚያው ሸሚዙንም ተኩሺለት እንጂ።"

"መተኮስ እንደማልወድ ታውቃለህ።"

"እቴ፣ ያ ሰው ልጅሽ ሳይቀበር ነው የፈረደበት።"

"ኢዮብን አንብበሃል?"

"አንብቤአለሁ።"

"እስከ መጨረሻው? እግዚአብሔር የተቆጣው ለመከራው ምክንያት ባበጁለት ወዳጆቹ ላይ ነው። ሲጮህ የከረመው ኢዮብ ትክክል ተናገረ ተባለ። ከዚያ ስለ ወዳጆቹ እንዲጸልይ የታዘዘው ማን ነው? ራሱ ኢዮብ። ካለም ለምን እንደሞተ አላውቅም። የተሰቀለው ጌታ ግን እዚያ ውሃ ውስጥ አብሮት ነበር። ይህን ያመንኩት የሰው ሰሃን ሳጥብ ነው። በል ባልዲውን አቀብለኝ፣ አንት ደረቅ።"

አቀበልኳት። ንዴቴ ግን አልበረደም።

በቀብሯ ቀን ቄሱ ስሟን አልጠራም። ወጋችን ነው፤ ሟች አይሞገስም፣ ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ ይሰጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ያለ ቅሬታ የኖርኩበትን ወግ ያን ቀን ጥርሴን ነክሼ ሰማሁት። ስለ ትዕግሥት ሰበከ፤ ትዕግሥት ምን እንደሚመስል ያሳየችን ሴት ከፊቱ ተጋድማ ሳለ። ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው። ስሟ ኤፊ ነው።

መቃብሩ አፋፍ ላይ ገመዱን ለኖርማን ዘረጋሁለት።

"ለእኔ?" አለ።

"እሷ ናት ያዘዘችው። እኔ ብሆን አልሰጥህም።"

ፊት ለፊት ቆመን አወረድናት። ገመዱን ፈጥኖ ለቀቀውና ሣጥኑ ወደ እሱ ዘመመ። "ቀስ በል" አልኩት። አቃናው።

ሰው ሲበተን ኖርማን በመቃብሩ ቅጥር በር ላይ ጠበቀኝ። "ምነው ያን ቃል ባልተናገርኩ፣ ቶርኩል።"

"ለእሷ ነግረሃታል?"

"ነግሬአታለሁ።"

"ምን አለችህ?"

"'ሚስትህን ሹራብ አልብሳት፣ በርዷታል' አለችኝ።"

እጁን ዘረጋልኝ። አልፌው ሄድኩ።

ኤፊ በየማታው ለእሱ ትጸልይ ነበር። እኔ እስካሁን አልጸለይኩለትም።