የማይረገጠው የእግረኛ መንገድ

እናቴ በግራ ጆሮዋ አትሰማም ነበር። እኔ ሳልወለድ የያዛት ትኩሳት ነው ጆሮዋን የወሰደው ይባላል፤ እሷ ግን የዚህ ነገር ወሬ አይጥማትም። ቤት ውስጥ ብዙም አያስቸግረንም፤ ሁላችንም በቀኟ መቀመጥ፣ አብረናት ስንሄድም በቀኟ መሄድ ለምደናል። ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ቤታችን ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ከተማው አልቆ እንሰቱ ከሚጀምርበት ቦታ ነበር። ከዚያ እስከ ገበያ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እናቴ በየገበያው ቀን ቆጮዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ በጀርባዋ አዝላ ትሄዳለች። መኪና ሲመጣ ወይ አትሰማም፣ ወይ ደግሞ ትሰማና ከየት በኩል እንደሚመጣ አታውቅም።

ለምን ዳር ይዛ አትሄድም የሚል ሰው ያን መንገድ አያውቀውም። ዳር የሚባል ነገር አልነበረውማ። መሐሉ ጠጠር ነው፤ ከጠጠሩ ቀጥሎ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ከቦዩ ቀጥሎ የሰው አጥር። ክረምት ሲገባ በጠጠሩና በቦዩ መካከል ያለችው ስንዝር መሬት እግር የምትውጥ ጭቃ ትሆናለች። ስለዚህ ሰውም፣ አህያም፣ ተማሪም በመሐል ነው የሚሄደው። ከዱራሜና ከአንጋጫ በኩል እህል የጫኑ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ይመጣሉ፤ ሰው ግራና ቀኝ ይበተናል፤ ሲያልፉ ተመልሶ ይሞላል። እናቴ የምትሸሸው ሌላው ሲሸሽ አይታ ነው። ብቻዋን በምትሄድበት ቀን ማንን አይታ ልትሸሽ?

እኔ በዚያን ጊዜ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ፣ ከቤታችን ብዙም በማይርቅ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀምሬ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። መጻፍ ስለምችል የቀበሌው የልማት ኮሚቴ ጸሐፊ አድርገውኛል፤ እኔም አገሩን በሁለት ዓመት የማቀናው ይመስለኝ ነበር። አንድ የክረምት ቀን ክፍል ውስጥ ሳለሁ እናትህን መኪና ገጫት ብለው ጠሩኝ። እንዴት እንደ ሮጥኩ አላስታውስም። ስደርስ ቦዩ አፋፍ ላይ ተቀምጣ ከቆጮዋ ላይ ጭቃ ትጠርጋለች። የጭነት መኪናው ጎን ያዘለችውን ሸክም መትቶ ነው የጣላት፤ እሷን ትከሻዋን ብቻ ነካት። ምንም አልሆንኩም አለች። ትከሻዋ ግን ወር ሙሉ ጠቁሮ ከረመ። በጣም ፈርቼ ነበር። እኔ ደግሞ ስፈራ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ እዚያው ቦዩ አፋፍ ላይ፣ ሰው እያየን፣ ተቆጣኋት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማግስቱ የእግረኛ መንገድ ይሠራልን የሚል ሦስት ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከተመረጠም በኋላ የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ አላወረደም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የበላዮቹን የሚፈራ ሰው ነበር። ማመልከቻዬን አንብቦ ሲጨርስ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በቅርቡ ከክፍለ ሀገር እንግዶች ሊጎበኙን ስለሆነ የምናሳየው ሥራ ያስፈልገናል አለ። እኔ ስለ እናቴ ትከሻ ነው የጻፍኩት፤ ግን የተስማማበት ምክንያት ምን ቸገረኝ አልኩ።

ከትምህርት ቤቱ እስከ ገበያው መግቢያ፣ ወደ ዱራሜ ሲወጡ በቀኝ በኩል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ የእግረኛ መንገድ እንዲሠራ ተወሰነ። ሊቀመንበሩ ያን ሁሉ ርቀት በልብስ ሰፊ ሜትሩ ለካው፤ እኔ ጫፉን ይዤ ጭቃው ውስጥ ስንበረከክ ዋልኩ። አጥር ወደ ኋላ መግፋት ግድ ስለነበር ብዙ ሰው አኮረፈ። መጀመሪያ አጥሩን የነቀለው ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚያ መንገድ ላይ ሱቅ የከፈተ አዛውንት ነው። በአባቱ መንደር ከቤቶቹ ፊት ለፊት ማንም የማያርሰው፣ ማንም የማያጥረው ሰፊ ሣር አለ፤ ሰው ሁሉ የሚሄደው በዚያ ነው። ለእግረኛ ቦታ መተው እዚህ እንደ አዲስ ነገር ስብሰባ የሚጠራበት መሆኑ ነበር የገረመው።

ሥራው የእሑድ ጠዋት ዘመቻ ሆነ። የእኛ ጸሎት ቤት ተዘግቶ የቀበሌ አዳራሽ ከሆነ ወዲህ እሑድ ጠዋት የዘመቻ ሰዓት ነው። እናቴም ከሴቶቹ ጋር ድንጋይ ተሸከመች፤ በከንፈሯ የምታንጎራጉረው መዝሙር መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ። ቦዩን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደንነው፣ ላዩን ገረጋንቲ አልብሰን ደለደልነው፣ ከመኪናው በኩል ትልልቅ ድንጋይ ደረደርንበት። መጨረሻ ላይ የእኔ ብልሃት መጣ። የሆሳዕና ጉም ሲወርድ ሹፌር አፍንጫውን አያይም፤ ስለዚህ የጠርዙ ድንጋዮች ኖራ ይቀቡ አልኩ። ባለሱቁ ኖራውን ሰጠ፣ እኔ ራሴ ብሩሽ ይዤ ቀባሁ። ማታ ላይ ራቅ ብዬ ሳየው ያ ነጭ መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኩራቴ ለብቻው ቤት የሚያስፈልገው ነበር።

የገበያው ቀን ማልጄ ወጥቼ ቆምኩ። ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣል። ነጩ ድንጋይ ዘንድ ሲደርስ ቆም ይላል፣ ያያል፣ ከዚያ እንደ ወትሮው ወደ ጠጠሩ መሐል ይወርዳል። አንዱ መጣ፣ ሁለተኛው መጣ፣ መቶ ሰው አለፈ። ማንም አልረገጠውም። እንዲያውም ያቺን ስንዝር ዳር መንገዱ ስለወሰዳት ወደ መኪናው ይበልጥ ተጠግተው ነው የሚሄዱት። በዚህ፣ በዚህ እያልኩ እጄን ሳወናጭፍ ያጠፉ መስሏቸው ይቅርታ እየጠየቁኝ ፈጥነው ያልፋሉ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱኝ። ከሁሉም መጨረሻ እናቴ ቆጮዋን አዝላ መጣች፤ እሷም ድንጋዮቹን አይታ ወደ መሐል ገባች።

ደሜ ፈላ። ወደ ባለሱቁ ሄጄ ይህ ሕዝብ ምን ነካው አልኩት። እሱ ከጠዋት ጀምሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲያየን ነበር። ነጭ ድንጋይ የት የት ነው ያየኸው አለኝ። አሰብኩ። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ አበባው ዙሪያ። ፖሊስ ጣቢያው። የቀበሌው አዳራሽ፣ ማለትም የእኛ ጸሎት ቤት የነበረው፤ በተዘጋ በሳምንቱ ነበር ዙሪያውን ነጭ ድንጋይ የደረደሩበት። ከነጭ ድንጋይ ወዲያ የመንግሥት እንጂ የሰው መሬት እንዳልሆነ ያን ሁሉ ዓመት ስንማር ከርመን፣ እኔ ለሰው የሠራሁትን መንገድ በነጭ ድንጋይ አጠርኩት። ራሴን በቡጢ መምታት አማረኝ።

እናቴ ግን ሌላም ምክንያት ነበራት። ማታ እራት ስንበላ በሃዲይኛ ጠየቅኳት፤ እሷ እንኳ ድንጋዩን ተሸክማ፣ ለምን እንደተሠራ እያወቀች፣ ለምን አትሄድበትም? እጇን ከምግቡ መልሳ አየችኝ።

«ያንተ ስም ያለበት ነገር ነው» አለች። «እንግዶቹ ሳያዩት በጭቃ እግሬ ባበላሸው ማንን ነው የሚጠይቁት?»

እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ማንም አይጠይቀኝም አልኳት። ሊቀመንበሩ ግን ትክክለኛዋ እሷ መሆኗን አሳየኝ። ኖራውን ጭቃ ላልብሰው ብዬ ብለምነው ፊቱ ተለዋወጠ። እንግዶቹ አይተውት ይሂዱ፣ ከዚያ ሕዝቡ እንደ ፈለገ ይረማመድበት አለ። እንግዶቹ መቼ ነው የሚመጡት ብዬ ጠየቅሁ። ቀኑ አልተነገረንም አለኝ። እስከዚያ እናቴ በመኪና ጎን ስትሄድ ልትከርም ነው። ሦስት የገበያ ቀን እንደዚያ አለፈ፤ በሦስቱም ቀን እናቴ በሰላም መግባቷን እስክሰማ ማስተማር አቅቶኝ ዋልኩ።

በአራተኛው የገበያ ቀን ጠዋት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጉም ወርዶ ነበር። የእናቴን ላም ከበረት ፈታኋት። መጀመሪያ ጭቃ ውስጥ አስገባኋት፣ ከዚያ በነጮቹ ድንጋዮች መካከል አወጣኋትና ከትምህርት ቤቱ ጀምሬ ነዳኋት። ላሟ እንደ ሰው አልተግደረደረችም። ገረጋንቲውን ረገጠች፣ ኖራውን በጎኗ አሻሸች፣ ባለሱቁ ደጃፍ ስትደርስ ቆማ እበቷን ጣለች። ባለሱቁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ገበያተኞቹ ጠጠሩ ላይ ቆመው አዩን፤ አስተማሪው አብዷል ሳይሉ አልቀሩም። እኔ ያሰብኩት ቀላል ነው፤ ላም የሄደችበት ቦታ መንገድ መሆኑን እዚህ አገር ማንም አይጠራጠርም።

አዳራሹ ዘንድ ስንደርስ ሊቀመንበሩ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ወጣ። ከኋላው መሣሪያ የያዘ የአብዮት ጠባቂ አለ። የሕዝብ ሥራ አበላሽተሃል፣ ጉዳይህ እስኪታይ እዚህ ትቆያለህ አለኝ። ላሟም ከአዳራሹ ምሰሶ ጋር ታሰረች። እኔን በልጅነቴ እግሬን እያወዛወዝኩ ከተቀመጥኩባቸው አግዳሚ ወንበሮች በአንዱ ላይ አስቀመጡኝ። ቅርጻ ቅርጹ፣ የእንጨቱ ሽታ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው፤ መስቀሉ ብቻ ከግድግዳው ወርዶ ምስማሩ ቀርቷል። ፈርቼ ነበር፤ በዚያ ዘመን ጉዳይ እስኪታይ ሲባል ምን ያህል እንደሚቆይ ማንም አያውቅም።

እኩለ ቀን ላይ በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ እናቴ በቤታችን በኩል ስትመጣ አየኋት። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ምግብ በአንድ እጇ ይዛለች። በሌላው እጇ የያዘችው ምን እንደሆነ መጀመሪያ አልለየሁትም። ስትቀርብ ጫማዋ ነው፤ ያ ጥቁር የላስቲክ ኮንጎ። በባዶ እግሯ፣ በነጮቹ ድንጋዮች ውስጥ፣ በእግረኛው መንገድ ላይ ነው የምትመጣው። እንዳያቆሽሸው ጫማዋን አውልቃለች። አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ጠጠሩን ይዞ መጣና በጎኗ አለፈ። እናቴ ዞር አላለችም። ሰማችው አልሰማችው፣ ያን ቀን ልዩነት አልነበረውም።

በሩ ላይ ጥቂት ቆመች። አዳራሹ ጸሎት ቤት መሆኑ ከቀረ ወዲህ ገብታ አታውቅም። ገባች፣ ማንንም ሳትጠይቅ በሴቶቹ በኩል ድሮ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ምግቡን ከጎኗ፣ ጫማዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ሊቀመንበሩ እግሯን አየ። ሜትሩን በጣቱ ላይ ሲጠቀልልና ሲፈታ ቆየ።

«እማማ፣ ጫማዎን ያድርጉ እንጂ» አላት። «መንገድ እኮ ነው።»

«ልጄን ስትፈታው አደርጋለሁ» አለችው።

ሊቀመንበሩ ወደ ጠባቂው ዞሮ በአገጩ ምልክት ሰጠ። ጠባቂው ወጥቶ መጀመሪያ የፈታው ላሟን ነው።

ምግቡን እዚያው በላሁ፤ ሳትጨርስ አልነሳም ብላ ጠበቀችኝ። ስንወጣ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አደረገችና ወደ እግረኛው መንገድ ወጣች። ላሟን ከፊት አስቀደምን። እኔ እንደ ልማዴ በቀኟ ልሆን ስል መኪናው በግራዋ በኩል መሆኑን አየሁ፤ ተሻግሬ በግራዋ፣ ከጠጠሩ ወገን ሆንኩ። ገበያተኛው መመለስ ጀምሮ ነበር። ጥቂት እንደሄድን ዞር ብዬ አየሁ። ባዶ ቅርጫት ያዘለች አንዲት ሴት ድንጋዮቹ ዘንድ ቆማለች። ኖራውን አየች፣ እበቱን አየች፣ የእናቴን ጫማ ዱካ አየችና ከጠጠሩ ወጥታ ተከተለችን። ከእሷ ኋላ ሌላ ሴት መጣች። ይህን ለእናቴ ልነግራት አፌን ስከፍት፣ በማትሰማበት ጎኗ በኩል መሆኔ ትዝ አለኝ። እዚያው እንደ ሆንኩ መሄዴን ቀጠልኩ።