መቀስ ውሃ ላይ የተንጋለለችበት ሐሙስ

ሰፈሩ «መቀስ» ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ እንዳልወጣላት ግን ሁሉም ያውቃል። ጨርቅ ስትቆርጥ አታመነታም፤ ነገር ስትቆርጥም እንደዚያው ናት። «ይሄ ሱሪ አያሳጥረኝም?» ብሎ የጠየቃትን ደንበኛ «ሱሪው ምን በወጣው፣ አጥሮ የመጣው ሌላ ነው» ብላ የሸኘች ሴት ናት። ሰውየው ተቀይሞ ወጣ። በወሩ ሌላ ጨርቅ ይዞ ተመለሰ፤ እንደሷ የሚሰፋ የለማ!

ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ነው። ሠላሳ አንዱን ዓመት ያሳለፈችው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ከአንዲት ጥቁር የእግር ስፌት መኪና ጀርባ ተቀምጣ ነው። ከሱቁ ኋላ ሁለት ክፍል አለ፤ እዚያ ከታላቅ እህቷ ጋር ትኖራለች። ታላቅየዋ ስልክ ቤት መስመር ስታገናኝ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ወሬ የምትወድ፣ እንቅልፍን ደግሞ ከወሬም አብልጣ የምትወድ ሴት ናት። ጎኗ አልጋ ከነካ አበቃ። ቤቱ ቢፈርስ እንኳ አቧራው እስኪያስነጥሳት ድረስ አትነቃም።

መቀስና እንቅልፍ ግን ከተለያዩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው ታማ አልጋ ላይ የቀረች ጊዜ ሐኪሙ «በየሁለት ሰዓቱ ካላገላበጣችኋት ጀርባዋ ይቆስላል» አለ። ታላቅየዋ ያኔ ገና ሥራ ላይ ነበረች፤ በዚያ ላይ እሷን ከእንቅልፍ መቀስቀስ ከማገላበጥ የባሰ ሥራ ነው። ስለዚህ ሌሊቱ ሳይነጋገሩበት የመቀስ ሆነ። በየሁለት ሰዓቱ ትነሳለች፤ አንድ እጇን ከእናቷ ትከሻ ሥር፣ አንዱን ከወገቧ ሥር ትሰዳለች፤ ቀስ አድርጋ ትገለብጣታለች። ሰባት ዓመት ሙሉ! እስቲ አስቡት። እናቲቱ ስታርፍ ገላዋ ላይ አንዲት ቁስል አልተገኘም፤ ያየችው ነርስ አፏን በእጇ ይዛ ነው የወጣችው።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈ። የመቀስ ሰውነት ግን መርዶውን አልሰማም። በየሁለት ሰዓቱ ብድግ ትላለች። የሚገላበጥ ሰው እንደሌለ ትዝ የሚላት እግሯ ቀዝቃዛውን ወለል ሲነካ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጣሪያ ማየት ነው።

ለማንም አላማረረችም፤ ማማረር አታውቅበትም። ገመናዋን ያወጣው የሂሳብ አስተማሪው ኮት ነው። አስተማሪው ወንድሙ ከሩቅ የላከለትን ግራጫ የሱፍ ጨርቅ «አደራሽን» ብሎ ሰጣት። ለካች፣ በጠመኔ አሰመረች፣ ቆረጠች። ልትገጣጥመው ስትዘረጋው ሁለቱም እጅጌ ግራ ሆኖ ተገኘ። የእጅጌውን ወረቀት ለሁለተኛው ገልብጣ ማስመር ሲገባት ሳትገለብጥ ደግማዋለች። ይህንን ስህተት የሚሠራው መርፌ ከያዘ ወር ያልሞላው ሰው ነው።

መቀስ ክው አለች። ሁለቱን ግራ እጅጌ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተኝታ እህቷን ጠራች።

«እትዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እጄ ከድቶኝ አያውቅም። ዛሬ ከዳኝ። አንድ ጊዜ ከደገመኝ ሥራውን እተወዋለሁ። ሰው ጨርቁን የሚሰጠኝ ዐይኔን አምኖ ነው፤ ዐይኔ ደግሞ እንቅልፍ አጥቶ ጠፍቷል።»

ታላቅየዋ መቀለድ አምሯት ነበር፤ የታናሿን ፊት ስታይ ተወችው። መቀስ ያለችውን እንደማታጥፍ ታውቃለች። ደግሞስ ያቺ ሴት ያለ ሥራዋ ምን ልትሆን ነው?

አስተማሪው ጨዋ ሰው ነው። እጅጌዎቹን አይቶ «እኔ እንደሁ ግራኝ ነኝ፤ ሁለት ቢሆንልኝ አይከፋኝም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወንድሙ ያንኑ ጨርቅ ድጋሚ እንዲልክለት እንደሚጽፍ፣ ለመድረስም ሦስት ወር ያህል እንደሚፈጅ ነገራት። «የምትቆርጪው ግን አንቺው ነሽ» አላት። እንግዲህ መቀስ በሦስት ወር ውስጥ መተኛት መማር አለባት።

ታላቅየዋ ሬዲዮ ላይ የሰማችውን ምክር ሁሉ በትልቅ ወረቀት ጽፋ ከመስታወቱ ጎን ለጠፈች። ሞቅ ያለ ወተት መጠጣት። ቀን አለመተኛት። በየጠዋቱ መሮጥ። ማታ ማታ የዕለቱን ሦስት መልካም ነገሮች በደብተር ማስፈር። መቀስ ከያዘች ያዘች ነው፤ አንዱንም አላጎደለችም። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ክር አልተበጠሰም፣ መርፌ አልተሰበረም፣ እህቴ ለግማሽ ሰዓት ዝም አለች» ይላል። እንቅልፉ ግን ወይ ፍንክች። ሩጫው ደግሞ በሦስተኛው ቀን ጉልበቷን አሳብጦ እያነከሰች አስገባት።

«ካልዘለሉ አይሰበሩም» አለቻት ታላቅየዋ፣ ሻይዋን ፉት እያለች።

«ሩጪ ብሎ የለጠፈው ማን ሆነና ነው እትዬ?»

ጉልበቷን ያየው ሐኪም ክኒን አላዘዘላትም። «ለጉልበትዎም፣ ለወገብዎም፣ ለእንቅልፍዎም የምመክርዎ አንድ ነገር ነው፤ ውሃ ውስጥ ይግቡ፣ ዋና ይማሩ» አላት።

ታላቅየዋ ይህን ስትሰማ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ኋላ አልነገረችኝም እንዳትዪ» አለች። መቀስን ያስፈራት ግን ውሃው ሳይሆን ልብሱ ነው። የስፖርት ዕቃ መደብር ሄዳ የዋና ልብስ አውጡልኝ አለች፤ ሲሰጧት በሁለት ጣቷ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥላ አየችው። «ይሄ ልብስ ነው? መሀረብ ነው እንጂ! ስፌቱ ራሱ ነጠላ ነው» ብላ ጥላው ወጣች። ቤቷ ገብታ ለራሷ ሰፋች።

ምን ሰፋች መሰላችሁ! ወፍራም የጥጥ ጨርቅ፤ እስከ ክርን የሚደርስ እጅጌ፤ እስከ ጉልበት የሚወርድ ቀሚስ፤ ኮሌታ፤ ደረቱ ላይ ስድስት ቁልፍ፤ ሁሉም ቦታ ድርብ ስፌት፤ ከውስጥ ደግሞ ገበር። አዎ፣ ገበር! በሥራ ዘመኗ ገበር የሚገባውን ልብስ ያለ ገበር ለሰው ሰጥታ አታውቅም፤ ለራሷ ለምን ታጎድላለች? ልብሱ እንደ ልብስ እንከን አይወጣለትም። ለብሳው ፍርድ ቤት ብትቀርብ ዳኛው ብድግ ይልላታል።

የከተማው መዋኛ ማክሰኞና ሐሙስ ረፋዱን ለሴቶች ብቻ ነው። አሠልጣኟ ሠላሳ ያልሞላት ቀጭን ልጅ ናት፤ ከአንገቷ በማይጠፋው ነገር ምክንያት ሁሉም «ፊሽካ» ይላታል። መቀስ በስድስት ቁልፏ ተቆላልፋ ብቅ ስትል ፊሽካ የምትለው ነገር ነበራት፤ ግን ትልቅ ሰው እንዴት እናገራለሁ ብላ ዋጠችው። ጥፋቷ ይሄ ነው።

መቀስ በደረጃው ወረደች። ውሃው ወገቧ ላይ ሲደርስ ገበሩ መጠጣት ጀመረ። ደረቷ ላይ ሲደርስ ጥጡ ጠጣ። ከዚያ እጅጌው፣ ከዚያ ኮሌታው። እንዲህ ያለ ጠጪ ሰፍታ አታውቅም! አንድ እርምጃ ስትጨምር አዳለጣትና ልብሱ ይዟት ቁጭ አለ። ልትነሳ ብትል ማን አንስቷት! ፊሽካ ዘላ ገብታ በኮሌታዋ ጎትታ አወጣቻት።

«እማማ! እማማ፣ ደህና ነዎት?»

መቀስ ውሃውን ከተፋች በኋላ መጀመሪያ የተናገረችው «እማማ ማናት? እትዬ በይኝ!» የሚል ነው። መዋኛው በሳቅ ፈረሰ።

እሷ አልሳቀችም። ያ ልብስ ገመድ ላይ ሁለት ቀን ሲያንጠባጥብ ከረመ፤ እሷም ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የሰፋችው ልብስ ሰው ሲያስቅ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ያሳፈራት መስጠሟ ሳይሆን እሱ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ምላጭ አንስታ ስፌቱን አንድ በአንድ ተረተረችው። ከዚያ ተነስታ ያንን መሀረብ ያለችውን ልብስ ገዛችና፣ ማታውኑ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ዳር ዳሩን በድርብ ስፌት ደገመችው። «ውሃ ውስጥም ቢሆን በነጠላ ስፌት ሰው ፊት አልቆምም» አለች።

ቀስ በቀስ ለመደች። ዳሩን ይዛ እግሯን ማወራጨት፣ ፊቷን ነክራ ትንፋሽ መልቀቅ፣ ሁሉንም እንደ ሥራዋ ተጠንቅቃ ተማረች። በጀርባ መንሳፈፍ ግን እምቢ አላት። በተንጋለለች ቁጥር እግሯ ይወርዳል፣ ትቆማለች።

«እትዬ፣ አንገትዎን ይልቀቁት» ትላታለች ፊሽካ።

«ለቀቅሁት እኮ!»

«አልለቀቁትም። ጭንቅላትዎን ራስዎ ተሸክመውታል።»

«ታዲያ ማን ይሸከምልኝ?»

ቀልዷን አልነበረም። ከልቧ ነው የጠየቀችው።

ሦስት ወሩ ሞላ። ረቡዕ ዕለት አስተማሪው ጨርቁን ይዞ መጣ፤ መቀስም «ዓርብ ጠዋት እቆርጠዋለሁ» አለችው። ያን ሌሊትም እንደ ልማዷ በየሁለት ሰዓቱ ስትነሳ አደረች።

ዓርብ ጠዋት ጨርቁ ተቆረጠ፤ ደህና ሆኖ ነው የተቆረጠው፤ አስተማሪው ያንን ኮት ዛሬም ይለብሰዋል። ይህንን ቀድሜ መናገሬ በእጅጌ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው። እኔን ያስገረመኝ ከዚያ በፊት ሐሙስ የሆነው ነው።

ሐሙስ ረፋድ መቀስ ድካም አንገላቷት መዋኛው ደረሰች። ዐይኗ ቀልቷል። ፊሽካ አንጋለለቻትና አንድ እጇን ከትከሻዋ ሥር፣ አንዱን ከወገቧ ሥር ሰደደች። መቀስ ድርቅ አለች። ይህንን አያያዝ ታውቀዋለች። ሰባት ዓመት፣ በየሌሊቱ ታውቀዋለች። ግን ሁልጊዜ ያዢዋ እሷ ነበረች፤ ከሥር ሆኖ ሲይዙት ምን እንደሚመስል አንድም ቀን አልቀመሰችውም። ለካ እንዲህ ነው! እናቷ ስትገላበጥ ሁልጊዜ አንዲት ረጅም ትንፋሽ ትለቅ ነበር፤ ያ ትንፋሽ አሁን ከራሷ ደረት ወጣ። አንገቷም አብሮ ተለቀቀ።

ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ገባ። ጫጫታው ሁሉ ጠፋና የልቧን ምት ብቻ ሰማች። ከላይ ከጣሪያው መስታወት የሚገባው ብርሃን ውሃው ላይ አርፎ ተመልሶ ጣሪያው ላይ ይርገበገባል። ስንት ሌሊት ጣሪያ ስታይ ኖራለች፤ እንዲህ የሚያምር ጣሪያ ግን አይታ አታውቅም። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየች እንጃ። ዘወር ስትል ፊሽካ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ራቅ ብላ ቆማለች።

«ፊሽካ!»

«አቤት እትዬ።»

«ማነው የያዘኝ?»

«ማንም። ውሃው ነው።»

«እኔ እኮ ምንም እያደረግሁ አይደለም።»

«አዎ፣ ምንም።»

ሃምሳ አራት ዓመት የኖረ አካል፣ ያለ ክር፣ ያለ ቁልፍ፣ ያለ ምንም ድጋፍ ውሃ ላይ ተዘርግቶ! «ጉድ እኮ ነው» አለች መቀስ። ደግማ «ጉድ ነው» አለች። እንባዋ በጆሮዋ በኩል እየወረደ ገንዳው ውስጥ ይገባ ነበር። ፊሽካ አይታለች፤ ፊቷን ወደ ሌሎቹ ተማሪዎች መለሰች።

ሰባት ሰዓት ላይ ቤቷ ገባች። አንድ ቁራሽ ዳቦ በላችና ጫማዋን ልታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንዱን አወለቀች። ሌላው ላይ አልደረሰችም።

ታላቅየዋ መጥታ ስታያት ደነገጠች። ጣቷን አፍንጫዋ ሥር አድርጋ ትንፋሿን አረጋገጠች፤ የቀረውን ጫማ አወለቀችላትና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት ሞላ፤ አሁን ትነሳለች ብላ ጠበቀች። አልተነሳችም። ታላቅየዋ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች፤ ሄዳ የሱቁን በር ዘጋች። ያንኳኳውን ሁሉ በቀዳዳው «ተኝታለች!» እያለች መለሰች፤ «ወልዳለች» የምትል ነው የሚመስለው። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ያ እንቅልፍ የሚወድ ጎኗ ወንበር ላይ ደርቆ፣ ዐይኗ ሳይከደን፣ የታናሿን ደረት ከፍ ዝቅ ሲል እያየች ተቀመጠች። እንዲህ የሚያስደንቅ ነገር እንዳለ ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር፤ ሌላው ሲተኛ ነቅታ ስለማታውቅ።

ሊመሽ ሲል መቀስ ብድግ አለች። ዐይኗ ተከፍቷል፣ እሷ ግን አልነቃችም።

«እማ! ሰዓቷ አለፈ! ሳላገላብጣት!»

ታላቅየዋ «እማ እኮ ሞታለች» ልትል አፏን ከፈተች። ሰባቱ ዓመት መጣባት። ያ ሁሉ ሌሊት፣ እሷ እዚያው ከጎናቸው፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተኝታ። አንድ ቀን ተነስታ አታውቅም፤ አንድ ቀንም ማንም አልወቀሳትም። እጇን በታናሿ ትከሻ ላይ አደረገች።

«እኔ አገላብጬያታለሁ» አለች። «ተኚ።»

«በግራ ጎኗ?»

«በግራ ጎኗ።»

«ትራሱንስ? በጉልበቷ መሀል...»

«አድርጌያለሁ፣ እህቴ። ሁሉንም አድርጌያለሁ። ዛሬ ተራው የኔ ነው።»

መቀስ ተመልሳ ጋደም አለች። ረጅም ትንፋሽ ለቀቀችና ተኛች።