ሽማግሌ የተላከበት ስልክ

አጎቴ ከበሩ በስተቀኝ፣ ግድግዳውን ሳይደገፉ፣ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። የንስሐ አባታችን ከእሳቸው አጠገብ መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ቆመዋል። ታናሽ ወንድሜ የስልክ መነጋገሪያዋ ክፍል ደጃፍ ላይ ሆኖ ከራባቱን አንዴ ያጠብቃል፣ አንዴ ያላላል። የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። የመሐል ሜዳ ከተማ ስልክ አገናኝ ስለነበርኩ መቀመጥ ሥራዬ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ወንድሜ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እዚያው መምህር ሆኖ ቀርቷል፤ የሚመራመረው በእኛው አገር ገብስ ላይ ነው። የመንዝን ገብስ ለማጥናት አውሮፓ መሄድ ለምን እንደሚያስፈልግ ብጠይቀው፣ ድሮ ከዚህ የተወሰደ ዘር እዚያ በብርድ ክፍል ተቀምጦ እንደሚገኝ፣ እዚህ ግን እንደጠፋ ነገረኝ። ገብሱ ከሄደ እሱም መከተሉ አይቀርም ብዬ ተውኩት።

ለአንድ ዓመት ተጋባዥ ተመራማሪ ሆኖ ለመሄድ አመልክቶ ማጣሪያውን አለፈ። የቀረው በስልክ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ነበር፤ የተቀጠረለት ቀን የአባታችን የአርባ ተዝካር ማግስት ሆነ። ስለዚህ የሰጣቸው የእኔን ስልክ ቤት ቁጥር ነው። ለተዝካሩ የመጡት አጎታችን ይህን ሲሰሙ፣ "ለሚስት ሽማግሌ የምንልክ ሰዎች፣ ለዚህ ብቻውን ይለምን? ዘመድ እንደሌለው?" ብለው የንስሐ አባታችንን አስከትለው መጡ።

"ተቀመጡ እንጂ" አልኳቸው አግዳሚ ወንበሩን እያሳየሁ።

"ምን ነካሽ? ሽማግሌ እሺ ሳይባል ይቀመጣል? ተቀመጡ ሊለን የሚችለው ሰጪው ነው።"

"ሰጪዎቹ ባሕር ማዶ ናቸው ጋሼ። መቆምዎን አያዩልዎትም።"

"የሚያይ ያያል" አሉ የንስሐ አባታችን።

ጥሪው መጣ፤ መስመሩን ለወንድሜ ሰጠሁት። ለአገናኝ ማዳመጥ ክልክል ነው። መስመሩ እንዳይቋረጥ መከታተል ደግሞ ግዴታ ነው። ሁለቱን ደንቦች በአንድ ጊዜ ማክበር የቻለ ባልደረባ አልገጠመኝም። እንግሊዝኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለሆነ ከሚባለው ግማሹን ያዝኩ።

ስለ ገብሱ ሲጠይቁት ጥሩ ይመልስ ነበር። ኋላ አንዲት ሴትዮ፣ ከሌሎቹ አመልካቾች ይልቅ አንተን ለምን እንምረጥ አለችው። እሱም፣ "ሌሎቹ ከእኔ ሊሻሉ ይችላሉ። እናንተ ታውቃላችሁ" አላት። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ በራሱ አፍ ራሱን እንዳያመሰግን ያስተማርሁትም እኔ ነኝ። ትምህርቱ ገብቶታል።

"ምን አሉት?" አሉኝ አጎቴ።

"ከሌሎቹ በምን ትሻላለህ አሉት።"

"ይኸንን እሱን ይጠይቁታል? እኛ ታዲያ ምን ልንሠራ ቆመናል!"

ገብተው መነጋገሪያውን ከእጁ ወሰዱት።

"ጤና ይስጥልን!" ብለው ጮኹ፣ ባሕር ማዶ ድረስ በራሳቸው ጉሮሮ የሚያደርሱት ይመስል። "እኔ የአባቱ ወንድም ነኝ። ልጃችን አይዋሽም፣ አይሰክርም፣ የሰው ነገር አይነካም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ መጽሐፍ ታቅፎ ነው የሚተኛ። ስለ ገብስ የማያውቀው ቢኖር ማረሱን ብቻ ነው። በል፣ ተርጉምላቸው።"

የወንድሜ ፊት ደም መሰለ። ስለ ራሱ መልካም ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም "አጎቴ እንደሚሉት" እያለ ሲተረጉም።

"እንዴት አጠረ? ዘለልክ!"

"አልዘለልኩም ጋሼ።"

"አይሰክርም ማለቴን ነገርካቸው?"

እሱንም ነገራቸው። በመስመሩ ሳቅ ሰማሁ። የፌዝ ይሁን የደስታ፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አይለይም።

ከሳቁ በኋላ ሴትዮዋ፣ እንዲህ ለአንድ ዓመት መጥተው የሚቀሩ ብዙ እንደሆኑ በትሕትና ገልጻ፣ ለመመለሱ ምን ማረጋገጫ እንዳለ ጠየቀች። ወንድሜ ይህን አሟልቶ ተረጎመ።

"ዋሱ እኔ!" አሉ አጎቴ ደረታቸውን መትተው። "ካልተመለሰ እኔን ይያዙ።"

ሴትዮዋ አመስግና፣ ተመካክረን በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደውላለን ብላ ዘጋች።

"ጋሼ፣ አበላሹብኝ እኮ!" አለ ወንድሜ። "ስንት ዓመት የለፋሁበት ነገር ነው። ሁለተኛ አይጠሩኝም።"

"ዝም በል። እንምከርበት ካሉ ሰጥተዋል። ልጁን የማይሰጥ ሰው እዚያው በር ላይ ነው የሚመልስህ።"

ሰዓቱን ሙሉ ሁለቱም ሽማግሌዎች አልተቀመጡም። እኔ አንድ የበግ ነጋዴ ከደብረ ብርሃን ጋር አገናኘሁ። ቀጥሎ የሚደውል ስላልነበረ እጄን አጣጥፌ ቆየሁ። ለአንድ ዓመት ብለው ባሕር ማዶ የሄዱ የከተማችን ልጆች ለፋሲካ ሲደውሉ የማገናኛቸው እኔ ነኝ። ሁሉም ለሚመጣው ፋሲካ እመጣለሁ ይላሉ። እናቶቻቸውም ሁልጊዜ እሺ ይላሉ። ዋስ ሳይጠሩ ስለሄዱ ይሆናል።

ስልኩ ጮኸ። ተቀብለውታል። አጎቴ የንስሐ አባታችንን በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው። ሴትዮዋ ግን መልሱን አሁኑኑ እንደምትፈልግ፣ እምቢ ካለ ቦታውን ለተጠባባቂው እንደሚሰጡ ተናገረች። ወንድሜ መነጋገሪያውን በመዳፉ ሸፍኖ አንገቱን ከክፍሏ አወጣ።

"እትዬ፣ አንቺስ? ቤቱስ?" አለኝ።

አባታችን ካረፉ ወዲህ ቤቱ የእኔና የእሱ ብቻ ነው። እሱም የሚመጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ነበር። ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ አጎቴ ቀደሙኝ።

"ለካ ገልብጠነዋል!" አሉ። "ልጅ የሚወስዱት እነሱ፤ ሰጪዋ አንቺ። ስንለምን የዋልነው ወሳጁን ነው።" ዱላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ። የንስሐ አባታችንም አብረዋቸው ዞሩ። "እንግዲህ ይኸው ቆመናል።"

ሴትዮዋ በጆሮዬ "ሃሎ? ሃሎ?" ትላለች።

ማዳመጫዬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ነጠላዬን ከወንበሬ መደገፊያ አነሳሁ።

"ተቀመጡ" አልኳቸውና ወጣሁ።