የአባቴ ገሳ ናይሮቢ ገባ

የአባቴን ገሳ የወሰዱት ግንቦት ላይ ነው። ሰኔ ሳይገባ ይመለሳል ብለው ነበር። ይኸው ሐምሌ ተጋመሰ፤ ገሳው ናይሮቢ ነው፣ አባቴ ጥርባ በምትባለው መንደራችን ዝናብ ይወርድበታል፣ እኔ መሐል ቆሜ ስልክ እነካካለሁ።

እንጅባራ የሥዕል መምህር ነኝ። ከተለያየ አገር የተሰባሰቡ ሠዓሊዎች ስለ ተፈጥሮና የሰው ልጅ ስላደረሰባት ጉዳት ኤግዚቢሽን ሊያሳዩ ሲመጡ፣ አገሩን ታውቃለች ተብዬ መንገድ አሳይ ሆንኩ። ኤግዚቢሽኑ መጀመሪያ እንጅባራ፣ ከዚያ ድንበር ተሻግሮ ናይሮቢ ነው። አስተባባሪዋ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ሁሉም ነገር የሚያስለቅሳት ሴት ነበረች። አባቴ ቤት ይዣት ስሄድ ደጃፉ ላይ የተሰቀለውን ገሳ አየች። ገሳ ማለት ከረግረግ ሣር የሚጎነጎን፣ ከራስ እስከ ወገብ የሚለበስ የዝናብ ልብስ ነው። ዳሰሰችውና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም መግባት ያለበት ነው!»

«ምን አጥፍቶ?» አለ አባቴ።

እንግዳ ለምኖ እምቢ ማለት አይሆንለትምና ሰጣት።

እንጅባራ አዳራሽ ውስጥ ገሳውን በቀጭን ሽቦ ሰቅለው መብራት አበሩበት። አስተባባሪዋ ንግግር አደረገች። ረግረጉ ደረቀ፣ በቦታው ባሕር ዛፍ በቀለ፣ ሣሩ ጠፋ፣ ምድሩን ፕላስቲክ ሞላው አለች። አንድም ውሸት የለበትም። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው! ሣሩ ስለጠፋ እኮ ነው አባቴ ሌላ ገሳ መጎንጎን የማይችለው። እሱን ሰምተው አጨበጨቡ፣ ያለችውን አንዷን ጠቅልለው ይዘው ሄዱ።

ከዚያ ዝናቡ ገባ። ምን ላድርግ፣ ከገበያ ላስቲክ ገዛሁለት። ዕድሜውን ሙሉ ላስቲክ ለብሶ የማያውቅ ሰው አንገቱ ላይ በሲባጎ አስሮ ድንች ማሳው ውስጥ ሲዞር ሳየው አንጀቴ ተቃጠለ። ሲራመድ እየተንኮሻኮሸ በሬዎቹን ያስበረግጋል። ነፋስ ሲመጣ ላስቲኩ ራሱ ላይ ይገለበጣል። ከላይ ዝናቡ፣ ከሥር ላቡ ያርሰዋል። ማታ ማታ ያስለዋል፤ ደህና ነኝ ይላል፣ በአዊኛ ያጉረመርማል።

ለአስተባባሪዋ እጽፍላታለሁ። ልብ ትልክልኛለች፣ ቀይ ልብ። አንዴ ጉምሩክ ነው፣ አንዴ ኤግዚቢሽኑ ተራዘመ፣ ሕዝቡ ወዶታል ትለኛለች። ሕዝቡማ ለምን አይወደውም!

አንድ ቀን አባቴ ላስቲኩን ደጅ ላይ እያራገፈ፣ «እስቲ ጠይቂልኝ» አለኝ። «ገሳው ያለበት ቤት ውስጥ ይዘንባል?»

ቃል በቃል ጻፍኩላት። አሁንስ ታፍራለች ብዬ ነበር። ወዲያው ደወለች፣ ድምፅዋ በደስታ ይንቀጠቀጣል።

«ይሄ እኮ ግጥም ነው! ግድግዳው ላይ እንጻፈው?»

ደሜ ፈላ። ገሳውን መልሺ ብዬ ጮህኩ፤ ኔትወርኩ ግን እኔ አፌን ስከፍት ተቋርጦ ኖሯል። በማግስቱ ፎቶ ላከች። የአባቴ ጥያቄ ነጭ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከሥሩ በባዕድ ቋንቋ ተጽፏል። ገሳው አጠገቡ ተሰቅሏል፤ ደረቅ ልብስ የለበሱ ሰዎች ዙሪያውን ቆመው ፎቶ ይነሳሉ።

አባቴ ከማሳ እንደገባ ስልኩን አሳየሁት። ከላስቲኩ ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል። እጁን ጠራርጎ ስልኩን ራቅ አድርጎ ያዘና ገሳውን ሲያይ ፊቱ ፈካ። የግድግዳው ጽሑፍ ግን ለዓይኑ ደቀቀበት።

«ምን ይላል?»

«አባባ፣ እርስዎ የጠየቁትን ነው የጻፉት። ገሳው ያለበት ቤት ውስጥ ይዘንባል ወይ ይላል።»

ራሱን ነቀነቀ። ቀሪውን እንዳነብለት ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ከስልኩ ቀና ብሎ አየኝ።

«መልሱስ?»