ሁለት አለቆችና አንዲት ወረቀት ተቀባይ

ልጄና ጓደኛው ኩባንያቸውን ያቋቋሙት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ በእኔ አፓርትመንት፣ በምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የሕንፃው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ባዶ መሆኑን በስልክ የሚናገር ፕሮግራም ሊሠሩ ነበር። ደረጃውን ወርዶ ማየት አይቀልም ወይ ብዬ አሰብኩ። ልጄ ለዚህ ብሎ ደህና ሥራውን ለቋል።

ፕሮግራሙ ሳይጀመር ሹመቱ ተጀመረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲከራከሩ ከርመው ልጄ ሲኢኦ፣ ጓደኛው ሲቲኦ ሆኑ። ትርጉሙን ብጠይቅ፣ አንዱ የኩባንያው፣ ሌላው የቴክኖሎጂው የበላይ ኃላፊ ነው አሉኝ።

"የበታቹስ ማነው?" አልኳቸው።

ሁለቱም ሳቁ።

ጓደኛው ጎረቤት ክፍለ ግዛት፣ ቨርጂኒያ፣ አናንዴል ያደገ ልጅ ነው። የተዋወቁት በሰባት ዓመታቸው፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ለልጄ ወንድም አልወለድኩለትም፤ ወንድሙ እሱ ነው። ስለዚህ ኩባንያው ቢከስር ብዙም አይቆጨኝም ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ፣ እነዚህ ልጆች በአለቅነት ተጣልተው ይቀራሉ የሚለው ፍርሃት ነው።

ኩባንያውን ለማስመዝገብ የመንግሥት ፎርም ሲሞላ አንድ ሹመት ተረፈ። ለኩባንያው የሚመጣ የፍርድ ቤት ወረቀት ቢኖር የሚቀበል፣ ሜሪላንድ የሚኖር ኤጀንት ያስፈልጋል። ጓደኛው የቨርጂኒያ ሰው ነው። ልጄ ደግሞ ቀን ቀን ሰው ላነጋግር እወጣለሁ አለ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"ምንም ሥራ የለውም እኮ፣ እማ። ስምሽ ብቻ ነው" አለኝ ልጄ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ያልገባኝ ወረቀት ላይ ስሜን አላኖርም። መስመር በመስመር አስተረጎምኩት። ተቀባዩ በሥራ ሰዓት በአድራሻው መገኘት አለበት የሚለው ላይ ስንደርስ አስቆምኩት፤ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ከዚያም በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ ዘጠኝ እስከ ማታ አምስት ሰዓት ብዬ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩ።

በማግስቱ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ክፍል የማጸዳበት ሆቴል ሄጄ፣ ሱፐርቫይዘሬን የቀን ሽፍቴን ወደ ምሽትና ወደ ቅዳሜና እሁድ እንድታዞርልኝ ለመንኳት። ምን ሆነሽ ነው ብትለኝ ሹመት አግኝቼ ነው አልኳት። የእሁድ ቅዳሴ ቀረብኝ፤ ለንስሐ አባቴ ምክንያቱን ማስረዳት አቃተኝ። በርክ ከተማ ለቅሶ ሲኖር ሰው ሁሉ ደርሶ ሲመለስ እኔ ከአምስት ሰዓት በኋላ እደርስ ነበር።

አለቆቹ ከቀትር በፊት አይነሱም ነበር። የስም ካርዳቸውን ግን ሦስት ጊዜ አሳተሙ። መጀመሪያ "መሥራች" የሚል ተጨመረበት። ቀጥሎ ጓደኛው የኔ ጽሑፍ አንሷል ብሎ አኮረፈ፤ ፊደሉ እኩል ተደርጎ ታተመ። ሦስተኛው ለምን እንደታተመ አላስታውስም። ለእኔ ያሳተመልኝ የለም። አንድ ዓመት ተኩል ተቀምጬ የተቀበልኩት የፒዛ ማስታወቂያ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን የመጣበትን ቀን እየጻፍኩ በላስቲክ አስቀመጥኩ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጓደኛው ነው፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፖስታ ይዟል። ዓይኔን አላየኝም።

"ማሚ፣ እዚህ ጋ ሳይን አድርጊልኝ። ለቅቄያለሁ። ሕግ የሚያውቁ ሰዎች ለኤጀንቷ ስጥ ብለውኝ ነው።"

"ለሱ ነግረኸዋል?"

ጫማውን አየ።

"ቢሮው አልተከፈተም" አልኩት።

"የምን ቢሮ?"

"ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ነው። ግባና ተቀመጥ።"

የቀለድኩ መስሎት ነበር። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ወረቀት ሳሳየው ግን ገብቶ ተቀመጠ። እኔም ሄጄ ሲኢኦውን ቀሰቀስኩት። በፒጃማው መጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፤ ፖስታውንም አየ። ሰዓቱን እያየሁ፣ በሃያ ደቂቃ ካልታረቁ ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ፊርማ ነው ብዬ አሰብኩ።

በመጨረሻ ጓደኛው ተናገረ። አሌክሳንድሪያ የጤና ኢንሹራንስ ያለው ሥራ አግኝቷል፤ ሰኞ ይጀምራል፤ ሁለት ወር ሙሉ መናገር አፍሮ ነው። ልጄ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አለቀሰ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀ ነው።

"እኔም ሐሙስ ኢንተርቪው አለኝ" አለ። "አንተን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ ብዬ ነው የደበቅኩህ።"

"ሲኢኦ ሆነህ?"

"ሲኢኦ ሆኜ።"

"ታዲያ ኩባንያው ውስጥ ማን ቀረ?"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ልክ በዘጠኝ ሰዓት ፈረምኩ። ሰዓቱንም ጻፍኩበት። ፖስታውን እንደ ደንቡ ለልጄ በእጁ ሰጠሁት፤ እሱም ሳይከፍተው ጓደኛውን ቁርስ ሊጋብዘው ይዞት ወጣ።

ልጄም ሥራ ያዘ። ኩባንያውን በወጉ የዘጋው ስለሌለ ከመንግሥት ደብዳቤ መምጣት የጀመረው ያኔ ነው፤ እኔም መቀበሌን አላቆምኩም። አንድ ቀን ሁለቱ ሶፋዬ ላይ ኳስ ሲያዩ፣ እሁዴን እፈልጋለሁ፤ ሹመቱ እንዴት ነው የሚለቀቀው ብዬ ጠየቅኳቸው። ደብዳቤ ጽፈሽ ለኩባንያው ታስገቢያለሽ አለኝ ልጄ።

"ማን ይቀበለኛል?"

"ኤጀንቷ" አሉ ሁለቱም እኩል፣ ዓይናቸውን ከኳሱ ሳያነሱ።

ደብዳቤውን እዚያው ጻፍኩት። ለመቀበል ግን በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ጠበቅኩ።